ሲስተር ቁጢጥ ማለት የተማረችበት ዓመት

እኔ የአምቡላንስ ሾፌር ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «መሪው» ይሉኛል፤ የምመራው ሰው ኖሮኝ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጬ ስለምውል ነው። የምነግራችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አንድ መኪና ላይ አብራኝ ስለሠራችው ነርስ ነው። ሙሉ ስሟን የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ ሰው ብቻ ይመስለኛል፤ ለእኛ ለሁላችን ሲስተር ናት።

ያን ጊዜ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። አጠር ያለች፣ ደልደል ያለች፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። በሽተኛ ሲፈራ የሚቀለደውን ታውቃለች፤ አስታማሚ ሲጮህ ደግሞ አንዴ ቀና ብላ ካየችው ጩኸቱን ይውጠዋል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ልቡን የታመመ ሰው አለ ተብለን ሄድን። ሊፍት የለም። ሰውየው ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ መቶ ኪሎ ቢያንስ ነው። ቃሬዛው ላይ አስረነው መውረድ ጀመርን፤ እኔ ከታች በእግሩ በኩል፣ እሷ ከላይ በራሱ በኩል። ሦስተኛውን ፎቅ አልፈን ደረጃው የሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ሲስተር ጎንበስ ብላ ቃሬዛውን ልታዞር ስትል ቆመች።

«ያዘኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ወገቤ።»

ቃሬዛው ወደ ግድግዳው አዘነበለ። እኔ ከታች ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ብለቀው ሰውየው በላዬ ላይ ይመጣል። እሷ አልለቀቀችም። በአንድ ጉልበቷ ደረጃው ላይ ወድቃ ሸክሙን በጭኗ ተቀበለችው። ፊቷ ነጭ ወረቀት መሰለ። ጎረቤቶች በጩኸቴ ወጥተው እስኪያግዙን ድረስ እንደዚያው ሆና ቆየች። በሽተኛው ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ካለበት ሆኖ «እኔን ተዉኝና እሷን አንሷት» ይል ነበር።

ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሙ የወገቧን ፎቶ ካየ በኋላ «አጥንትሽ ደህና ነው፤ ዲስክሽም አልወጣም» አላት። «ግን ዳሌሽ አይታጠፍም። እሱ መታጠፍ ሲያቅተው ወገብሽ በእሱ ቦታ ይታጠፋል። ወገብ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም።»

ስትመለስ ኃላፊያችን የስልክ ክፍል አስቀመጣት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲነግራት ጠረጴዛውን እንጂ እሷን አላየም። «ቦታሽ አይነካም። ፈተናውን ሳታልፊ ግን ቃሬዛ አትይዢም» አላት። ፈተናው ሦስት ነገር ነው፦ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን የልምምድ አሻንጉሊት ከሌላ ሰው ጋር ይዞ ሁለት ፎቅ መውረድና መውጣት፤ ያንኑ አሻንጉሊት ከጠረጴዛ ሥር ብቻን ጎትቶ ማውጣት፤ ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ ስድስት ደቂቃ ሳያቋርጡ ደረት መጫን።

የስልክ ክፍሉ መስኮት ወደ ግቢው ያያል። እኔ ከሌላ ነርስ ጋር መኪናውን አስነስቼ ስወጣ እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ታየናለች። አንድ ቀን ሚስቱ በድንገት የወደቀችበት ሰው ደወለ። ሲስተር ደረቷን እንዴት እንደሚጫን በስልክ እየነገረችው እኛ እስክንደርስ አሥራ አንድ ደቂቃ አብራው ቆጠረች። ሴትየዋ ዳነች። ስመለስ ደስ ብሏት አገኛታለሁ ብዬ ነበር።

«እጄ እዚህ፣ ሴትየዋ እዚያ» አለችኝ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «ይሄን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው፤ ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ግን እመለሳለሁ።»

አንዲት ልጅ አለቻት፤ ፋርማሲ የምትማር፣ የመጨረሻ ዓመት። እቤት ይሄን ስትሰማ ተቆጣች።

«እማዬ፣ ሃምሳ ልትሞዪ እኮ ነው! ቁጭ ብሎ መሥራት ምን ነውር አለው?»

«ምንም ነውር የለው። ቁጭ ማለት ለሚወድ።»

በሰፈራችን ከአናጢው ሱቅ ጀርባ አንድ አሮጌ መጋዘን አለ። ውስጡ ጋሽ ብረቱ የሚባሉ ሰው ስፖርት ያሠራሉ። በወጣትነታቸው ክብደት አንሺ ነበሩ፤ አሁን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩት ኬትልቤሎች ናቸው፤ ክብ ብረት ሆኖ አናቱ ላይ እንደ ስኒ ጆሮ ያለ መያዣ ያለው። የሰፈሩ ሰው «ባለጆሮው» ይለዋል። ስምንት ኪሎ አለ፣ አሥራ ስድስት አለ፣ ማንም የማይነካው አርባ ኪሎም አለ።

ሲስተር መጀመሪያ ቀን ስትሄድ ብረት አላስነኳትም። «ቁጢጥ በዪ» አሏት። ግማሽ ድረስ ወረደች፣ ተረከዞቿ ከመሬት ተነሡ፣ ከዚያ በቂጧ ዘጭ አለች። ጋሽ ብረቱ አልሳቁም። ምንጣፍ ላይ አስተኟት፤ አንዱን ጉልበቷን ወደ ደረቷ አስስበው «ተንፍሺ» አሏት። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ተናዳ መጣች።

«ብረት ላነሳ ሄጄ እንደ አራስ ልጅ አስተኙኝ! ለመተኛትማ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቀረች። የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አንድ አሥራ ስድስት ኪሎ ባለጆሮ ነበረው፤ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አድርጎት ነበር የኖረው። ሲስተር ተዋሰችው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከጋራዡ ጀርባ በሁለት እጇ ይዛ በእግሮቿ መሃል ወደ ኋላ ትወስደዋለች፣ ከዚያ በዳሌዋ ገፍታ እስከ ደረቷ ታወዛውዘዋለች። ሃያ፣ ሠላሳ፣ መቶ። ማፍታታት የሚባለውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ብረቱን አስቀምጣ ላቧን ጠርጋ በቀጥታ ወደ ስልኳ ነው።

በሦስት ወር ጠነከረች። የደንብ ልብሷ ትከሻው ላይ ጠበባት። የተበላሸ የመኪና ባትሪ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ስትሄድ አይቼ ለመካኒኮቹ ጉራዬን ነዛሁባቸው። ፈተናው ሲደርስ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

ደረጃውን እንደ ጨዋታ ጨረሰችው። ቀጥሎ ጠረጴዛው ነው። አሻንጉሊቱ ከሥሩ ተወሽቋል፤ ለመድረስ ዝቅ ብሎ መግባት፣ እጅን አሻግሮ ብብቱን መያዝ፣ ከዚያ መሳብ ያስፈልጋል። ሲስተር ዝቅ ልትል ስትል ዳሌዋ አልሄደም። ጀርባዋ ጎበጠ፣ ተረከዟ ተነሣ። እጇን ስትዘረጋ ትከሻዋ መሃል ላይ ቆመ። በጣቷ ጫፍ የአሻንጉሊቱን ሸሚዝ ያዘች። ሁላችንም እያየናት ነው። እሷ እጇን መለሰችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይቅር» አለች።

ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ «ገና ጊዜ አለሽ» አላት።

«አውቃለሁ። ይቅር።»

ወደ ቤቷ ሳደርሳት መኪና ውስጥ ዝም ማለት አቃተኝ። «ትንሽ ብትጎትቺው እኮ ይወጣ ነበር።»

«ይወጣ ነበር። ወገቤም አብሮ ይወጣ ነበር። እውነተኛ ሰው ቢሆን ግማሽ መንገድ ላይ ጥዬው ልተኛ ነው? አንዴ ደረጃ ላይ አድርጌዋለሁ፤ አይደገምም።» ቀጥላም «ወደ ቤት አይደለም፤ ወደ ሽማግሌው ውሰደኝ» አለች።

ጋሽ ብረቱ ደጃፋቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመው በማበጠሪያ ሽበታቸውን እያበጠሩላቸው ነበር። ሲስተር ቀርባ «ጋሼ፣ ወድቄ መጣሁ» አለቻቸው። ያኮርፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ትከሻቸው ድረስ ሄደና ቆመ፤ ከዚያ በላይ ንቅንቅ አላለም።

«አየሽው? በሠላሳ ዓመቴ መቶ ሠላሳ ኪሎ ከራሴ በላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ዛሬ ማበጠሪያ ራሴ ላይ አላደርስም፤ የምታበጥረኝ እሷ ናት። ጉልበቱ አልጠፋም፤ እዚሁ አለ። መንገዱ ነው የተዘጋው። ያን ጊዜ ሰውነታችሁን አፍታቱ የሚለንን ሰው እንስቅበት ነበር። ያስተኛሁሽ ደካማ መስለሽኝ አይደለም፣ ልጄ።»

ባለቤታቸው «እኔም ማበጠር ሰልችቶኛል፤ በጊዜ ስሚው» ብለው ጨመሩበት።

«እና ብረቱን ልተወው?»

«ማን ተይው አለሽ? ብረቱ ራሱ ይከፍትሻል። አብረው ነው የሚሠሩት።»

በማግስቱ ጠዋት ጀመሩ። እኔም ሥራ ከመግባቴ በፊት አደርሳት ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ስምንት ኪሎውን ባለጆሮ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አስታቅፈው ቁጢጥ አሰኟት። ከፊት ያለው ክብደት ወደ ኋላ እንዳትወድቅ ይይዛታል፤ ክርኖቿ ጉልበቶቿን ከውስጥ እየገፉ ይከፍቷቸዋል። እዚያ ታች አምስት ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትነሣለች። ተረከዟ መሬት ስለማይነካ አናጢው ሦስት ጣት የሚወፍር ጣውላ ሰጣት፤ እሱ ላይ ትቆማለች። ጋሽ ብረቱ «ይሄ ጣውላ እየሳሳ ሄዶ ያለቀ ቀን ዳሌሽም ቁርጭምጭሚትሽም ተከፈተ ማለት ነው» አሏት።

ሁለተኛው ልምምድ መነሣት ነው። መሬት ላይ በጀርባ ተኝቶ አንድ እጅን ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርጎ፣ እጁን ሳያጥፉ በክርን፣ ከዚያ በመዳፍ፣ ከዚያ በጉልበት እያሉ መቆም፤ ከዚያም በመጡበት መንገድ መተኛት። ብረት ከመያዟ በፊት በተጨበጠ እጇ ላይ ጫማ አስቀመጡላት። ጫማው ሳይወድቅ ከተነሣች ትከሻዋ መንገዱን አውቋል ማለት ነው። እኔ «ይሄማ ምን አላት» ብዬ ሞከርኩት። ገና በክርኔ ሳልደገፍ የገዛ ጫማዬ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ፤ አርባ አራት ቁጥር ነው። ሲስተር ከተጎዳች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በብረቱ መሃል መሃል ደግሞ ማሳሳብ አለ። በአንድ ጉልበት ተንበርክካ የኋላ እግሯን ብሽሽት ታሳስባለች፤ በእጆቿና በጉልበቶቿ ተደግፋ ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ታሰረጉዳለች። ቀደም ሲል እንደ ጊዜ ማባከኛ ያየችውን ሁሉ አሁን እንደ መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቃ ትወስደዋለች። ልጇ እናቷ እሳት ዳር ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ አግኝታ መጀመሪያ ታማለች ብላ ደነገጠች። ነገሩን ስትረዳ ግን ዝም ብላ አላለፈችም። ጣውላውን በየሁለት ሳምንቱ አናጢው ዘንድ እየወሰደች የምታስልገው እሷ ሆነች። ሦስት ጣት የነበረው ሁለት ተኩል ሆነ፣ ከዚያ ሁለት።

ሁለት ላይ ቀጥ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ጋሽ ብረቱ እያዩ ትወርዳለች፣ ተረከዟ ይነሣል። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ብረቱን ምንጣፉ ላይ ጣለችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ሰውነቴ እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

«እምቢ አላለሽም፣ ፈርቶ ነው። ዝቅ ስትዪ ወገብሽ ያ ደረጃ ትዝ ይለዋል። እያባበልሽ ነው የምታስለምጂው።»

«ለማባበል ጊዜ የለኝም። ድጋሚ ፈተናው አምስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«እንግዲያው በቀን ሦስቴ አባብዪው።»

ዕንባዋን ጠረገችና ብረቱን አነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣውላዋን ይዛ ስልክ ክፍል ገባች። ጥሪ በሌለበት ጊዜ ማዳመጫዋን እንዳደረገች ከጠረጴዛው ጀርባ ቁጢጥ ትላለች። አንድ ቀን ኃላፊው በር ከፍቶ ገባና ባዶ ወንበር ሲያይ ጮኸ።

«እዚህ ክፍል ሰው የለም እንዴ?»

«አቤት!» አለች ከመሬት።

ሰውየው ደንግጦ የያዘው ወረቀት ተበተነ። ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ወገቡን ይዞ አቃሰተ። ሲስተር እዚያው ቁጢጥ እንዳለች የቀሩትን ለቅማ ሰጠችው።

ጣውላው አንድ ተኩል ሆነ፣ አንድ ሆነ። ብረቱም ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ ስድስት አደገ። ፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው ጋሽ ብረቱ ጣውላውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና «ውረጂ» አሏት። አሥራ ስድስት ኪሎውን ታቅፋ ወረደች። ሁለቱም ተረከዞቿ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፈው ቀሩ። ልጇ ተንበርክካ ከተረከዟ ሥር ወረቀት ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። «አልገባም፣ እማዬ!» ብላ የጮኸችው አናጢው ሱቅ ድረስ ተሰማ።

የፈተናው ቀን ብዙ የሚወራ ነገር የለውም፤ ያ ነው ደስ የሚለው። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች። ጠረጴዛው ሥር እንደ ድመት ገባች፣ አሻንጉሊቱን በብብቱ ይዛ በእግሮቿ ወደ ኋላ እየገፋች አወጣችው። ስድስት ደቂቃ ደረት ጫነች። ኃላፊው ፈረመና «ሰኞ ጠዋት መኪናሽ ላይ» አላት። እሷም «እሺ» ብላ ወጣች። ውጭ ስንደርስ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ገደማ ጥሪ መጣ። ጡረታ የወጣ ግንበኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቋል። ስንደርስ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በሩን እየደበደበች ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ የሰውየው እግሮች ደግሞ በሩን ዘግተውታል። ስንዝር ተኩል ያህል ነው የሚከፈተው። በክፍተቱ አየሁት፤ በሽንት ቤቱ መቀመጫና በግድግዳው መሃል ተሰክቷል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። የሚያሰማው ድምፅ ማንኮራፋት ይመስላል፤ ማንኮራፋት ግን አልነበረም። አየር አጥቶ ነው።

«በሩን ልስበረው?» አልኩ።

«እሱ ላይ ይወድቃል። ያዘው፣ እንዳትገፋ።»

ጃኬቷን አውልቃ ወረወረች። በጎኗ ሆና፣ አንድ እጇንና ራሷን አስቀድማ፣ ዳሌዋን ጠምዝዛ ገባች። ከዚያ በኋላ የማየው ጀርባዋንና እግሮቿን ብቻ ነው። ውስጡ ቆሞ ለመጎንበስ እንኳ ቦታ የለውም። በሰውየው ጭኖች ግራና ቀኝ ረግጣ ቀስ ብላ ወረደች፤ እስከ ታች፣ ተረከዞቿ ወለሉ ላይ ናቸው። መጀመሪያ አገጩን ቀና አደረገችው። ያ ክፉ ድምፅ ቆመና ረጅም ትንፋሽ ሰማን። ሚስትየው ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው።

«አባባ፣ ይሰሙኛል? አሁን እናነሣዎታለን። ለእርስዎ ቀላል ነው፤ ሥራው የእኔ ነው።»

በብብቱ ሥር እጆቿን አሳልፋ ደረቷን ከደረቱ አጣበቀች። ሰማንያ ኪሎ ሳይሞላ አይቀርም፤ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ከክብደቱ በላይ ይከብዳል። ስትተነፍስ ሰማኋት፤ መጋዘኑ ውስጥ እንደምትተነፍሰው። ከዚያ ተነሣች። ወገቧ ቀጥ እንዳለ፣ በእግሮቿ። ሰውየው ከግድግዳው ተላቀቀ፤ በአንድ እግሯ ዞር ብላ ከመቀመጫው ማዶ ክፍት ወለል ላይ በጎኑ አስተኛችው። እግሮቹ ከበሩ ተነሡ። በሩ እጄ ላይ ተከፈተ።

ሰውየው ተረፈ። ግራ እጁ እስካሁን ትንሽ ይደክማል፤ ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። ሐኪሙ፣ እርዳታው ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር ብሏል።

ሆስፒታል አድርሰነው ስንወጣ ሲስተር መኪናውን ተደግፋ ቆመች። እኔ ለመጠየቅ ፈራሁ፤ እሷ ራሷ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፣ ጣቶቿን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች፣ ቀና አለች።

«አለ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ወገቤ። ቦታው ነው ያለው።» ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች። «ደሞ ፈርቼ ነበር። በጣም ነው የፈራሁት። ለማንም እንዳትናገር።» ይኸው ለእናንተ ተናገርኩ።

ወሬው መሥሪያ ቤት ሳንደርስ ደርሷል። ኃላፊው ሲስተርን አስጠርቶ «ያንን የምትሠሪውን ነገር ለሌሎቹም አሳዪልን፤ ሰው በወገብ እያለቀብኝ ነው» አላት። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ፈረቃ ሲቀየር ግቢው ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብሶች ይነጠፋሉ። ስድስት ባለጆሮዎች ከጋሽ ብረቱ ተዋስን። መጀመሪያ አሥራ አራት ሰው ነበርን፤ ዘጠኝ ቀርተናል። ኃላፊው ራሱ ይመጣል፤ ደካማ እንዳይመስል የሚተኛው ጥግ ላይ ነው። ሲስተር አትጮህም፣ አትለማመጥም። በመሃላችን እየዞረች አንዱን ጉልበት በእግሯ ጫፍ ወደ ውጭ ገፋ ታደርጋለች፣ የአንዱን ትከሻ ወደ ታች ትጫናለች። ከእኛ በፊት የራሷን ጨርሳ ነው የምትመጣው፤ አሁን ባለሃያ ኪሎው ባለጆሮ ላይ ደርሳለች።

እኔ ዘጠነኛ ሳምንቴ ነው። ሰውነቴ ሁሉ ያመኛል፤ ሚስቴ ስነሣና ስቀመጥ የማሰማውን ድምፅ ለጎረቤት ታስመስላለች። ግን ትናንት ጠዋት ግቢው ውስጥ፣ ምንም ሳልደገፍና ሳልቀመጥ፣ ዝቅ ብዬ የቀኝ ጫማዬን ክር አሰርኩ። ቀና ስል ሲስተር ቆማ ታየኛለች። ታሞግሰኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የግራ ጫማዬን ክር በዓይኗ አሳየችኝ።